ጩኸቱን ራሱ የሚቀርጽ ባንድ

ሜታልኮር ማዳመጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ የሳበኝ ሙዚቃው ቢሆንም፣ እየቆየ ሲሄድ የዚያኑ ያህል ልቤን የያዘው የባንዶቹ ኑሮ ነው። በሬዲዮ እምብዛም የማይተላለፍ፣ ለማስታወቂያ የማይመች፣ ያልለመደው ሰው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ዝጉልኝ የሚለውን ሙዚቃ የሚጫወቱ አራት አምስት ሰዎች፣ ትልቅ ኩባንያ ከኋላቸው ሳይኖር፣ እንዴት ሃያና ሠላሳ ዓመት አብረው ይዘልቃሉ? ስለ ባንዶች የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አለው፤ ጓደኛሞች ተሰባስበው ይጀምራሉ፣ አንድ አሳታሚ ያገኛቸዋል፣ ስማቸው ይገናል፣ ከዚያ ይጣላሉ ወይም ይበተናሉ። ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ የሜታልኮር ባንዶች ሕይወት ግን በዚህ መስመር አይሄድም። እኔ እንደማየው የእነዚህን ባንዶች ዕድሜ የሚወስነው የዝናቸው ስፋት ሳይሆን፣ ሌሎች ባንዶች ለሰው ከፍለው ከሚያሠሯቸው ሥራዎች ስንቱን በራሳቸው እጅ መሥራት መቻላቸው ነው።

ሙዚቃውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሜታልኮር የሃርድኮር ፓንክና የሄቪ ሜታል ልጅ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የሃርድኮር ወጣቶች የሜታልን ከባድ የጊታር አመታት ከፓንክ ቁጣና ፍጥነት ጋር አዋሐዱ፤ ኧርዝ ክራይሲስና ኢንቴግሪቲ የተባሉት ባንዶች ከፊተኞቹ ይጠቀሳሉ። ዋና መለያው ብሬክዳውን የሚባለው ክፍል ነው። ሲጋልብ የቆየው ዘፈን ድንገት ይረግብና ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ ጊታረኛው የቀኝ መዳፉን ጠርዝ በክሮቹ ላይ አሳርፎ ድምፁን እያፈነ ይመታል፤ የእግር ከበሮው ከእያንዳንዱ የጊታር ምት ጋር አብሮ ይወድቃል፤ በምቶቹ መካከል ያለው ዝምታም የዘፈኑ አካል ነው። ጊታሮቹ ከተለመደው ቅኝት በጣም ዝቅ ተደርገው ስለሚቃኙ አዳራሽ ውስጥ የቆመ ሰው ያንን ክፍል ከጆሮው ይልቅ በደረቱ ይሰማዋል። ይህ ልቅ ቁጣ የሚመስል ነገር የሚሠራው ታዲያ ባንዱ እንደ አንድ ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ አንዱ ለቅጽበት እንኳ ቢዘገይ ክፍሉ ይፈርሳል። የአባላት መለዋወጥ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ክፉኛ የሚጎዳው ለዚህ ይመስለኛል፤ የወጣውን ሰው ቦታ ሌላ ጎበዝ ተጫዋች ሊሸፍነው ይችላል፣ አብሮ በመቆየት ብቻ የሚገኘውን መናበብ ግን ይዞ አይመጣም።

ሜታልኮር ከሃርድኮር የወረሰው ሌላም ነገር አለ፤ የማንንም ፈቃድ አለመጠበቅ። የሃርድኮር ባንዶች ኮንሰርታቸውን በመኖሪያ ቤት ምድር ቤትና በኪራይ አዳራሽ ያዘጋጁ ነበር፤ ማስታወቂያቸውን በፎቶ ኮፒ ያባዙ ነበር፤ ሸክላና ካሴታቸውን በጥቂት መቶ ቅጂ አሳትመው በፖስታ ይልኩ ነበር። ይህን ያደረጉት ስለ ነፃነት ስለ ተፈላሰፉ ብቻ አይደለም፤ የሚሠራላቸው ሌላ ሰው ስላልነበረም ነው። ከችግር የተወለደው ልማድ ግን ውሎ አድሮ ሙያ ሆነ፤ ሙያውም ባንዶቹን አሳደራቸው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የምመለስበት ባንድ ኮንቨርጅ ነው። በ1990 በማሳቹሴትስ ግዛት ድምፃዊው ጄከብ ባነንና ጊታረኛው ከርት ባሉ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ መሠረቱት። የመጀመሪያው አልበማቸው በ1994 ወጣ፤ የባንዱን ስም በዓለም ያስጠራው «ጄን ዶ» የተባለው አራተኛ አልበም ግን የወጣው በ2001 ነው። በምሥረታውና በዚያ አልበም መካከል አሥራ አንድ ዓመት አለ። በትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ሒሳብ ይህ የማይታሰብ ትዕግሥት ነው፤ በሁለት አልበም ገንዘብ ያልመለሰ ባንድ እዚያ ቤት ሦስተኛ ዕድል ማግኘቱ ያጠራጥራል። ኮንቨርጅ ያን ጊዜ ያገኘው ማንም ስለሰጠው አይደለም፤ የሚወስድበት ሰው ስላልነበረ ነው። እነዚያን ዓመታት ካላወቁ በቀር የአልበሙን ጥራት መረዳት የሚቻል አይመስለኝም። የመጨረሻውና የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ሌሎቹ ዘፈኖች ደግሞ አብዛኞቹ አጫጭር ፍንዳታዎች ናቸው። ይህን የመሰለ ድፍረት የሚያሳየው የሚያስደስተው አለቃ የሌለው ባንድ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የማደንቀው እነዚህ ሰዎች ከሙዚቃው ጎን ለጎን የገነቡትን ነው። ባነን ሠዓሊና የግራፊክ ባለሙያ ነው፤ የ«ጄን ዶ»ን ሽፋን የሠራው እሱ ነው፤ በሽፋኑ ላይ ያለው የሴት ፊት በዚህ ሙዚቃ ዓለም በቲሸርት ላይ በብዛት ከሚታዩት ምስሎች አንዱ ሆኗል። በ1999 ከጓደኛው ጋር ዴዝዊሽ የተባለውን አሳታሚ አቋቋመ፤ አሳታሚው የራሳቸውን ሸክላዎች ብቻ ሳይሆን እንደ ደፍሄቨንና ቱሼ አሞሬ ያሉ የሌሎች ባንዶችን ሥራዎችም ለሰሚ አድርሷል። ባሉ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የአየርና የጠፈር ምሕንድስና የተማረ ሰው ነው፤ በሴለም ከተማ ጋድሲቲ የሚባል ስቱዲዮ ከፍቶ የባንዱን አልበሞች ለረጅም ጊዜ ራሱ ሲቀርጽና ሲያዘጋጅ ኖሯል። ሃይ ኦን ፋየር፣ ኔይልስ፣ ኮድ ኦሬንጅ፣ ከኖርዌይ የመጣው ክቬለርታክ ሁሉ እሱ ዘንድ ቀርጸዋል። አሁን ሒሳቡን አስቡት። አንድ ባንድ አልበም ሲያወጣ ለስቱዲዮ፣ ለቀራጭ መሐንዲስ፣ ለሽፋን ሠዓሊ፣ ለአሳታሚ ይከፍላል። በኮንቨርጅ ቤት ከነዚህ አብዛኞቹ የሚቀመጡት በራሱ ልምምድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ባንዱ ለቱር፣ ማለትም ለኮንሰርት ጉዞ፣ በማይወጣበት ወቅትም እያንዳንዳቸው ከሌሎች ባንዶች በሚያገኙት ሥራ ይተዳደራሉ። ባንዱ ለመኖር አልበም ለማውጣት አይገደድም፤ አልበም የሚያወጣው የሚለው ነገር ሲኖረው ነው። በ2012 ከወጣው አልበም በኋላ ቀጣዩ የመጣው በ2017 መሆኑን ሳይ የማስበው ይህን ነው።

ነፃ ማለት ከአሳታሚ ጋር ጭራሽ አለመፈራረም ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እኔ አልስማማም። ኮንቨርጅ ከ2004 ጀምሮ ባድ ሬሊጅን የተባለው የፓንክ ባንድ ጊታረኛ ብሬት ጉረዊትዝ ከመሠረተው ከኤፒታፍ ጋር ሠርቷል፤ ኤፒታፍም ራሱ ነፃ አሳታሚ ነው። ዋናው ነገር መፈራረሙ ሳይሆን ባንዱ ወደ ውሉ የገባበት አቋም ነው። የራሱ ስቱዲዮና የራሱ አሳታሚ ያለው ባንድ እምቢ የማለት አቅም ይዞ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ከዚያው ከማሳቹሴትስ የወጣውና እጅግ የገነነው ኪልስዊች ኢንጌጅ ሌላ መንገድ ሄዷል፤ ሮድራነር ከተባለው ትልቅ የሜታል አሳታሚ ጋር ሠርቶ ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሷል። እዚያም ቢሆን ጊታረኛው አዳም ደትኪዊትዝ የባንዱን አልበሞች ራሱ ፕሮዲውስ የሚያደርግ ሰው ነው፤ የአውስትራሊያውን የፓርክዌይ ድራይቭን የ2005 የመጀመሪያ አልበም ያዘጋጀውም እሱ ነው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ባንዶች ሳገላብጥ ጊታር ከሚይዙት እጆች አንዱ የድምፅ መቅረጫውንም የሚያውቅ ሆኖ አገኘዋለሁ።

የውሉ ነገር ግልጽ እንዲሆን የቅድመ ክፍያን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። አሳታሚ ለአልበም ሥራ የሚሰጠው ገንዘብ ስጦታ አይደለም፤ ከባንዱ የወደፊት ድርሻ ላይ የሚቆረጥ ነው። አልበሙ ሲሸጥ ከገቢው ትንሹ እጅ የባንዱ ይሆናል፤ ያም ቢሆን ቅድመ ክፍያው እስኪመለስ ድረስ ወደ ኪሳቸው አይገባም፤ በብዙ ውሎች ደግሞ ቅድመ ክፍያው ተመልሶ ካለቀም በኋላ የዋናው ቅጂ ባለቤት አሳታሚው ሆኖ ይቀራል። አንድ ባንድ በገዛ ድርሻው ወጪውን ከፍሎ የጨረሰለት ሥራ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑ ለእኔ እስካሁን የማይዋጥልኝ ነገር ነው።

ከዚህ ለመውጣት ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የካናዳው ፕሮቴስት ዘ ሂሮ በ2013 ያደረገው ነው። በኦንታርዮ ግዛት በዊትቢ ከተማ ገና ተማሪዎች ሳሉ የጀመሩት እነዚህ ሙዚቀኞች፣ ከሜታልኮር ተነሥተው ውስብስብ ወደ ሆነ ፕሮግሬሲቭ ሜታል የሄዱ ናቸው። የአሳታሚ ውላቸው ሲያልቅ አዲስ ከመፈለግ ይልቅ ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት በኢንዲጎጎ ድረ ገጽ በኩል ለአድማጮቻቸው ጥሪ አቀረቡ፤ 125,000 ዶላር ጠይቀው ከ341,000 ዶላር በላይ አገኙ። «ቮሊሽን» የተባለው አልበም በዚያ ገንዘብ ተሠርቶ በ2014 የካናዳን የጁኖ ሽልማት በሜታል ዘርፍ ወሰደ። ያን ጊዜ ዜናውን ያነበበ ሁሉ ባንዱ ሀብታም የሆነ መስሎት ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ የአልበም ወጪ ብቻ አይደለም፤ ለድረ ገጹ ኮሚሽን ይከፈልበታል፤ ገንዘብ ላዋጣው ሁሉ ቃል የተገባለት ሸክላ፣ ቲሸርትና ሌላ ስጦታ ይመረትበታል፤ ያ ሁሉ ታሽጎ፣ አድራሻ ተጽፎበት፣ ወደ ብዙ አገር በፖስታ ይላክበታል። ባንዱ አሳታሚውን ሲያሰናብት የአሳታሚውን መጋዘንና የሒሳብ መዝገብ ወረሰ ማለት ነው። በ2015 ደግሞ ሌላ ዘዴ ሞከሩ፤ ባንዶች ሙዚቃቸውን በቀጥታ በሚሸጡበት በባንድካምፕ ድረ ገጽ ደንበኝነት ለገቡ አድማጮች ስድስት ዘፈኖችን አንድ በአንድ በየወሩ ለቀቁ። የእነዚህን ሰዎች ታሪክ የምወደው አንድ መፍትሔ አግኝተው በእሱ ላይ ስላልተኙ ነው።

ባንድካምፕን ካነሣሁ አይቀር፣ በ2008 የተከፈተው ይህ ድረ ገጽ ለነፃ ባንዶች ያደረገውን ውለታ መናገር ተገቢ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ሲሆን ሽያጩ 5,000 ዶላር ሲያልፍ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ የቀረው፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ሒሳብ ተቀንሶ፣ የባንዱ ነው። በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ ኮንሰርቶችን ሁሉ ሲዘጋ ድርጅቱ በተመረጡ ዓርቦች የራሱን ድርሻ መተው ጀመረ፤ በእነዚያ ዓርቦች እኔና መሰሎቼ አልበም የምንገዛው በዓል እንደሚከበር ያህል ነበር። በ2022 ግን ድርጅቱ ለቪዲዮ ጌም ኩባንያው ለኤፒክ ጌምስ ተሸጠ፤ በ2023 ኤፒክ መልሶ ለሙዚቃ ፈቃድ ሻጩ ለሶንግትራደር ሸጠው፤ ከሠራተኞቹም ግማሽ ያህሉ ከሥራ ተሰናበቱ። የሙዚቃ ማሰራጫው ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ እንደማይኖር ወሰነ። አሳታሚ የሌለው ባንድም ባለንብረቱ ሌላ በሆነ ቤት ተከራይ ነው፤ ኪራዩም ሳይጠየቅ ይለወጣል። ብልህ ባንዶች የአድማጮቻቸውን የኢሜይል ዝርዝር በእጃቸው የሚይዙትና የራሳቸውን የሽያጭ ገጽ ጎን ለጎን የሚያቆሙት ለዚህ ነው።

የሜታልኮር ባንድ እንጀራ የሚጋገረው ግን በመንገድ ላይ ነው። ወደ ኮንሰርት ስሄድ መጀመሪያ የማየው መድረኩን ሳይሆን በበሩ አጠገብ ያለውን የቲሸርት ጠረጴዛ ነው። እዚያ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ከባንዱ አባላት አንዱ ነው፤ ከበሮውን መትቶ ከጨረሰ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው፣ ፀጉሩ ገና በላብ እንደራሰ፣ ጣቶቹን በነጭ ፕላስተር እንደጠቀለለ፣ መካከለኛ መጠን አልቋል ትልቁን ልስጥህ ይላል። በካርቶኖቹ ላይ የየመጠኑ ብዛት በወፍራም ብዕር ተጽፎ እየተሰረዘ ይስተካከላል። ለመክፈቻ ባንድ የሚሰጠው የመድረክ ክፍያ ነዳጅ ሸፍኖ የማይተርፍበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ባንዱ ወደ ቀጣዩ ከተማ መሄዱን የሚወስነው ይህ ጠረጴዛ ነው። ከዚህች ገቢ ላይ አዳራሾች የራሳቸውን መቶኛ የሚቆርጡበት ልማድ አለ። በእንግሊዝ የአርቲስቶች ማኅበር በ2022 ምንም የማይቆርጡ አዳራሾችን ስም ዝርዝር ማውጣት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2023 ትልቁ የኮንሰርት አዘጋጅ ኩባንያ ላይቭ ኔሽን በአሜሪካ ባሉት የክለብ አዳራሾቹ ይህን ቆረጣ እንደሚያቆም አስታውቋል። አዳራሹ ቲሸርቱን አልሣለውም፣ አላሳተመውም፣ በመኪና ጭኖም አላመጣውም፤ ቆረጣው ተገቢ ነው የሚል ክርክር ሰምቼ አሳማኝ ሆኖ አላገኘሁትም።

ድንበር ሲመጣ ጉዳዩ ይብሳል። ወደ አሜሪካ ለሚገቡ የሙዚቃ ቡድኖች የሚጠየቀው የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ 460 ዶላር የነበረው በሚያዝያ 2024 ከ1,000 ዶላር በላይ ሆነ፤ የጠበቃና የጉዞ ወጪ በዚያ ላይ ነው። የእንግሊዝ ባንዶች ከብሬግዚት (አገራቸው ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች) በኋላ በአውሮፓ በየ180 ቀኑ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችሉም። ባንዶች ለዚህ መልስ የሰጡት ጭነታቸውን በመቀነስ ነው። ከባዱን አምፕሊፋየርና ትልልቅ ስፒከር ትተው የአምፕሊፋየርን ድምፅ በዲጂታል መንገድ የሚያስመስል፣ በእጅ ሻንጣ የሚገባ ሳጥን ይይዛሉ፤ የመብራቱንና የተቀዱ ድምፆችን ቅደም ተከተል ከላፕቶፕ ያስነሣሉ፤ ሁሉም የጊዜ መቁጠሪያውን ምት በጆሯቸው ይሰማሉ። የድሮውን የአምፕሊፋየር ግርማ የሚናፍቁ ጓደኞች አሉኝ፤ ስሜቱን እረዳለሁ። እኔ ግን በአውሮፕላን ጭነት ሒሳብ ምክንያት ከቤቱ ከሚቀር ባንድ በትንሽ ሳጥን የሚጫወተውን እመርጣለሁ።

መንገዱ የሚያስከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2015 ዘ ጎስት ኢንሳይድ የተባለው የአሜሪካ ሜታልኮር ባንድ አውቶቡስ በቴክሳስ በኤል ፓሶ አቅራቢያ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ የሁለቱም ተሽከርካሪዎች አሽከርካሪዎች ሞቱ፤ የባንዱ አባላት ክፉኛ ተጎዱ፤ ከበሮ መቺው አንድሩ ትካዚክ አንድ እግሩን አጣ። በእግር ሁለት ፔዳል ለሚመታ የሜታልኮር ከበሮ መቺ ይህ የሥራው ፍጻሜ ይመስላል። በሐምሌ 2019 ግን አምስቱም አባላት በሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ተመልሰው ቆሙ፤ በ2020 በባንዱ ስም የተሰየመ አልበም አወጡ። በዚያ አልበም ላይ ያለውን የከበሮ ሥራ ያለ አድናቆት ሰምቼው አላውቅም።

ድምፅም ይደክማል። ከሩቅ የሚሰማው የድምፃዊ ጩኸት ጉሮሮን መቅደድ ይመስላል፤ ትክክለኛው አሠራር ግን ከድምፅ አውታሮች በላይ ያሉትን እጥፋቶች በተለካ ትንፋሽ ማንቀጥቀጥ ነው። ትንፋሹ ከሆድ ካልተደገፈ ጫናው በዋናዎቹ አውታሮች ላይ ያርፍና ድምፁ በጥቂት ሳምንት ቱር ይሰበራል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳይማር በጉልበቱ የሚያደርገውን አርባ ዓመት የሞላው ሰው በዘዴ ብቻ ነው የሚችለው። ኮንቨርጅ በ2021 ከዘፋኟ ከቸልሲ ዉልፍ ጋር ቀዝቀዝና ሰፋ ያለ አልበም ሲያወጣ ለስላሳ ሆኑ ብለው ያዘኑ ነበሩ። እኔ በዚያ አልበም ውስጥ የሰማሁት ዕድሜውን የማይክድ ባንድ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተለወጠ ሰው ሙዚቃው ባይለወጥ ኖሮ ነበር የማዝነው።

ጀማሪ ባንዶች አንዳንዴ ስለ አሳታሚና ስለ ስቱዲዮ ሲጠይቁኝ፣ ብዙዎቹ ከቁም ነገር የማይቆጥሩትን ጉዳይ አስቀድሜ አነሣለሁ። አንድ አባል ሲወጣ የባንዱ ስም ለማን ይቀራል? የዘፈኖቹ ድርሰት ድርሻ የሚከፋፈለው ለሁሉም እኩል ነው ወይስ ለጻፈው ብቻ? ስቱዲዮው የአንዱ አባል ከሆነ ባንዱ ኪራይ ይከፍለዋል ወይስ ድርሻው ከፍ ይላል? የመኪናው ዕዳ በማን ስም ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት፣ ሁሉም በሚዋደዱበት ሰዓት፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ መልስ አግኝተው ሊፈረምባቸው ይገባል። ጓደኛሞች እንዲህ ዓይነት ወረቀት አለመተማመን ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው አልበም ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ባለው የልምምድ ቀን፣ ጊታሮቹ ሳይሰኩ፣ ከበሮው ሳይገጣጠም ቁጭ ብለው እንዲጽፉት እመክራቸዋለሁ፤ ከተጻፈ በኋላም ቅጂው በእያንዳንዱ አባል ቤት ይቀመጥ።